ከእንሰት ቃጫ መረብ መሥራት፦ በጌዴኦ ዞን ለተማሪዎች የሚሰጥ የኑሮ ክህሎት

ይህ ጽሑፍ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ወረዳዎች የሚኖሩ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ መምህራንና ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በእጅ ስለሚሠራ መረብ መሠረታዊ ዕውቀት እንዲያገኙ ተዘጋጅቷል። ጽሑፉ የክህሎቱን ጠቀሜታ፣ የጥሬ ዕቃውን አዘገጃጀት፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተል፣ ልጆችን በሚመለከት መጠበቅ ያለባቸውን ሕጎች፣ እንዲሁም ከሥልጠና ወደ ገቢ ለመሸጋገር የሚያስፈልጉ የአገልግሎት ደረጃዎችን በቅደም ተከተል ያብራራል።

1. ክህሎቱ ለምን አስፈለገ?

የጌዴኦ ምድር በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ፣ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት ተዳፋት መሬት ነው። አርሶ አደሩ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትን፣ ከእንሰቱ ሥር ደግሞ ቡናን እያለማ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። ይህ ጥምር እርሻ ከትክል ድንጋዮቹና ከባህላዊ ደኖቹ ጋር «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» በሚል ስያሜ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ የመሬቱ ስፋት ውስን በመሆኑ ለሁሉም ወጣት የሚከፋፈል ማሳ ማግኘት አዳጋች ነው። የቡና ገቢም በአብዛኛው የሚገኘው በመኸሩ ወራት ነው። በክረምቱ ወራት የቤተሰቡ የእጅ ገንዘብ ይመናመናል፤ የትምህርት መጀመሪያ ወቅትም ደብተር፣ የደንብ ልብስና ጫማ ይዞ የሚመጣው በዚሁ የእጥረት ማብቂያ ላይ ነው። በእነዚህ ወራት ቤተሰቡ ካለው ነገር ተነሥቶ ጥቂት ገንዘብ የሚያስገኝ፣ ወይም ገንዘብ ከማውጣት የሚያድን ክህሎት ትልቅ ድጋፍ ይሆናል።

የ2010 ዓ.ም. ልምድም የሚያስተምረው አለ። በዚያ ዓመት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለዋል። ማሳ፣ ከብትና የቤት ዕቃ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ የእጅ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ያለ ማሽን፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መነሻ ካፒታል ሊሠራ የሚችል ሙያ በችግር ጊዜ መተማመኛ፣ በሰላም ጊዜ ደግሞ የተጨማሪ ገቢ ምንጭ ነው። መረብ ሥራ ከእነዚህ ሙያዎች አንዱ ሲሆን፣ በጌዴኦ ጥሬ ዕቃው ከጓሮ ይገኛል።

2. ጥሬ ዕቃው፦ የእንሰት ቃጫ

«ቃጫ» የሚለው ስም በአማርኛ ለሲሳልም ለእንሰትም ያገለግላል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ስለ እንሰት ቃጫ ነው። እንሰት በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ እንደሆነ ይገመታል። ቆጮ ለማዘጋጀት እናቶች የእንሰቱን ግንድ የሚሠሩትን ቅርፊቶች በተጋደመ ጣውላ ላይ አስደግፈው ይፍቃሉ። የተፋቀው ለስላሳ ክፍል ለቆጮ ይብላላል፤ በጣውላው ላይ የሚቀረው ረጅም ጭረት ቃጫ ነው። በመሆኑም ቃጫ ለማግኘት ተብሎ ተጨማሪ እንሰት አይቆረጥም። ቃጫው ለምግብ ከተዘጋጀው ተክል የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው።

የእንሰት ቃጫ ጠንካራ ነው። እንሰት ከሙዝ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ በፊሊፒንስ የሚበቅለውና ለመርከብ ገመድ በዓለም የታወቀው አባካ የቅርብ ዘመዱ ነው። በአገራችንም የእንሰት ቃጫ ለገመድ፣ ለጆንያና ለምንጣፍ ሲያገለግል ቆይቷል።

ጥሩ ቃጫ ለማግኘት የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይደረጋሉ፦

• ቃጫው በተፋቀበት ዕለት በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። የቆጮ ቅሪት ከቀረበት ይሻግታል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል።
• በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ተሰቅሎ ይደርቃል። ብርቱ ፀሐይ ቃጫውን ያደርቀውና ተሰባሪ ያደርገዋል።
• ከደረቀ በኋላ በጣት ወይም ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ተበጥሮ በርዝመቱ ይለያል። አጫጭሩ ለመሙያና ለማሰሪያ፣ ረጅሙ ለክር ይውላል።
• እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ ወደ ሌላ ማሳ ከመወሰዱ በፊት ይታጠባል፣ በእሳትም ይለበለባል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋና በመፋቂያ አማካይነት ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። የታመመ እንሰት ቃጫ ከማሳ ወደ ማሳ መዘዋወር የለበትም።

3. የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

መረብ ለመሥራት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የመረብ መርፌ ነው። ከቀርከሃ ወይም ከጠንካራ እንጨት ይቀረጻል። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ያላነሰ፣ ጫፉ የሾለ፣ መካከሉ ክር የሚጠመጠምበት ምላስ ያለው፣ ጀርባው ለሁለት የተከፈለ ነው። መርፌው በክር ተሞልቶም ከመረቡ ዓይን ማለፍ ስለሚኖርበት፣ ስፋቱ ከሚሠራው ዓይን መጥበብ አለበት።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። ይህም ጠርዙ የለሰለሰ ጠፍጣፋ እንጨት ነው። የመረቡን ዓይን መጠን የሚወስነው የመለኪያው ወርድ ነው። መለኪያው 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለው የዓይኑ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር፣ ዓይኑ ተለጥጦ ሲለካ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ሦስተኛው ማሰሪያ ነው። የበር እጀታ፣ የጠረጴዛ እግር ወይም በግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር በቂ ነው።

4. የአሠራር ቅደም ተከተል

ሀ) ክር ማክረር። ቃጫው በውኃ ረጠብ ተደርጎ በሁለት እኩል ዘለላ ይከፈላል። ሁለቱም ዘለላዎች በአንድ አቅጣጫ ለየብቻ ይከረራሉ፤ ቀጥሎም አንድ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገመዳሉ። ሁለቱ ተቃራኒ ኃይሎች እርስ በርስ ስለሚያያዙ ክሩ ሲለቀቅ አይፈታም። ቃጫው ሲያጥር አዲስ ጭረት ይጨመራል፤ የሁለቱ ዘለላዎች ቅጥያ ግን በአንድ ቦታ መገናኘት የለበትም። የተገናኘበት ቦታ የክሩ ደካማ ክፍል ይሆናል።

ለ) መጀመሪያውን መስመር ማውጣት። ጠንካራ ገመድ በሁለት ነጥቦች መካከል ይወጠራል። ክሩ በገመዱ ላይ በእኩል ርቀት እየታሰረ፣ በእያንዳንዱ ማሰሪያ መካከል በመለኪያው ልክ የተንጠለጠለ ቀለበት ይተዋል። እነዚህ ቀለበቶች የመጀመሪያው ረድፍ ዓይኖች ናቸው።

ሐ) መቋጠር። ክሩ በመለኪያው ፊት ለፊት ወርዶ በሥሩ ዞሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ መርፌውም በላይኛው ቀለበት ውስጥ ያልፋል። የቀለበቱ ግርጌ የመለኪያውን ጠርዝ እስኪነካ ድረስ ክሩ ይሳብና በአውራ ጣት ይያዛል። ከዚያም ክሩ ወደ ግራ በልቅ ተጥሎ፣ መርፌው ከላይኛው ቀለበት ሁለት እግሮች በስተኋላ አልፎ በተጣለው ልቅ ክር ውስጥ ይወጣል። አውራ ጣት ሳይለቅ ቋጠሮው ይጠብቃል። ጀማሪ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ቋጠሮው ሳይጠብቅ ጣቱን በማንሣቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቋጠሮው ከቀለበቱ በታች ወርዶ ይንሸራተታል።

መ) ረድፍ መጨመር። አንድ ረድፍ ሲያልቅ መለኪያው ይወጣል፣ ሥራው ይገለበጣል፣ ቀጣዩ ረድፍ እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራል። ዓይኖቹ በየረድፉ መቆጠር አለባቸው። በመካከል የተዘለለ አንድ ዓይን መረቡን ያጠባል፤ ሁለት ጊዜ የተቋጠረም ያሰፋዋል።

ሠ) ስፋቱን አስቀድሞ ማስላት። መረብ ተወጥሮ ሲሰቀል ይሰበሰባል። ለምሳሌ ተለጥጦ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን 30 ዓይን ያለው መረብ ሙሉ በሙሉ ሲለጠጥ 3 ሜትር ይሆናል፤ በግማሽ ስፋቱ ሲሰቀል ግን 1 ሜትር ከ50 ይሸፍናል። በቁመት በኩል እያንዳንዱ ረድፍ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር፣ 20 ረድፍ ተለጥጦ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሲሰቀል ከዚህ ጥቂት ያጥራል። ይህን ስሌት ተማሪው ራሱ እንዲሠራው ማድረግ የሒሳብ ትምህርቱንም ያጠናክራል።

ረ) ጠርዝ ማሰርና ማድረቅ። በአራቱም ጎን ወፈር ያለ ገመድ ይታሰራል። የመረቡን ጭነት የሚሸከመው ይህ የጠርዝ ገመድ ነው። ሥራው ሲያልቅ መረቡ በጥላ ይደርቃል።

5. ከመረቡ ምን ምን ይሠራል?

ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መለኪያ የተሠራ መረብ ለገበያ ዘንቢል ይሆናል። ጎመን፣ ድንች፣ በቆሎና ፍራፍሬ ሳይታፈን ይያዝበታል፤ ለፕላስቲክ ከረጢትም ምትክ ነው። ሰፋ ያለ ዓይን ያለው መረብ ለከብት መኖ መሸከሚያ፣ ለአህያ ጭነት፣ ለጫጩት ማጠሪያና ለሐረግ ተክሎች መወጣጫ ያገለግላል። ለመረብ ኳስና ለእግር ኳስ ግብ የሚሆን መረብም በዚሁ ቋጠሮ ይሠራል፤ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን የስፖርት መረብ በተማሪዎቻቸው እጅ ማሠራትና ማስጠገን ይችላሉ።

በቡና አካባቢ ከመሬት ከፍ ብሎ በሚሠራ የማድረቂያ አልጋ ላይ ደጋፊ መረብ ከሥር ይወጠራል፤ ቡናው የሚሰጣበት ጥሩ ምንጣፍ ከላይ ይነጠፋል። ለዚህ ተግባር የሚውለው ቃጫ ፍጹም የታጠበና የደረቀ መሆን አለበት። ቡና ሽታ በቀላሉ ይስባል፤ ሻጋታ ያለበት መረብ የቤተሰቡን የዓመት ልፋት ዋጋ ሊያሳጣ ይችላል።

በእጅ የተሠራ የቃጫ ገመድና መረብ ሰውን ለማንሣት፣ ወደ ጉድጓድ ለማውረድ፣ በገደል ላይ ለመንጠልጠል ወይም ለሕፃናት ዥዋዥዌ መዋል የለበትም። የመሸከም አቅሙ ባልተፈተነ ገመድ ሕይወትን ማስያዝ ፈጽሞ አይፈቀድ።

6. መረብና ዓሣ ማስገር

ከጌዴኦ በስተ ምዕራብ የአባያ ሐይቅ፣ በስተ ሰሜን የሐዋሳ ሐይቅ ይገኛሉ። በሁለቱም ሐይቆች የሚሠሩ አስጋሪዎች ዛሬ የሚጠቀሙት በአብዛኛው የናይለን መረብ ነው። የተፈጥሮ ቃጫ በውኃ ውስጥ ሲቆይ ይበሰብሳል፤ ቀደምት አስጋሪዎች በብዙ የዓለም ክፍሎች መረባቸውን በዛፍ ቅርፊት ጭማቂ እየነከሩና በየዕለቱ እያደረቁ ዕድሜውን ያራዝሙ ነበር። ናይለን ይህን ድካም አስቀርቷል፤ ሆኖም ተቀዶ በውኃ ውስጥ የተጣለ የናይለን መረብ ሳይበሰብስ ለረጅም ጊዜ ዓሣ እየያዘ ይገድላል።

ስለዚህ መረብ መቋጠር ለተማረ ወጣት በዚህ መስክ ተስማሚ የሚሆነው ሥራ ጥገና ነው። ቋጠሮው አንድ ነው፤ ናይለን የሚንሸራተት በመሆኑ ብቻ ድርብ ይቋጠራል። በወቅቱ የተጠገነ መረብ ለአስጋሪው ወጪ ይቀንሳል፣ ለሐይቁም ጤና ይበጃል።

መረብ ሠርቶ ዓሣ ለማስገር የሚፈልግ ዜጋ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ማክበር ይኖርበታል። ለንግድ ዓላማ ለማስገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፈንጂና በመርዝ ማስገር የተከለከለ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልተራቡ ጫጩት ዓሣዎችን ስለሚይዝ የነገውን ምርት ያጠፋል። የተፈቀደውን የዓይን መጠን መረቡን ከመሥራት በፊት ሐይቁ ከሚገኝበት ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። መለኪያው ከተቀረጸ በኋላ የመረቡ ዓይን አይቀየርምና።

7. ለትምህርት ቤቶችና ለወላጆች የተሰጠ ማሳሰቢያ

ይህ ክህሎት በሙያና ቴክኒክ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ወይም በትምህርት ቤት ክበባት አማካይነት ሊሰጥ ይችላል። ሲሰጥ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠበቁ፦

• ቃጫ አወጣጥንና ክር ማክረርን ጠንቅቀው የሚያውቁት የአካባቢው እናቶችና አረጋውያን ናቸው። ትምህርት ቤቶች በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ጋብዘው ቢያስተምሩ ዕውቀቱ ከምንጩ ይተላለፋል። መምህሩ ደግሞ ልኬቱን፣ ስሌቱንና የጥራት መመዘኛውን ያክላል።
• ወንዶችም ሴቶችም እኩል ይሠልጥኑ። እንሰት መፋቅ በልማድ የሴቶች ሥራ ቢሆንም፣ መረብ መቋጠር የሁሉም ሙያ ነው።
• ሥልጠናው መደበኛውን ትምህርት የሚተካ አይደለም። ተማሪ መረብ እንዲሸጥ ተብሎ ከክፍል እንዲቀር ማድረግ የክህሎቱን ዓላማ ይቃረናል።
• በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 የሆነ ወጣት ሠራተኛ የቀን ሥራው ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በሌሊት ሥራም አይመደብም። ነጋዴዎች «ሥልጠና» በሚል ስም የልጆችን ጉልበት እንዳይጠቀሙ ወላጆችና መምህራን በንቃት ሊከታተሉ ይገባል።
• በትምህርት ቤት የተሠራ መረብ ከተሸጠ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው አስቀድመው ይወቁ፤ ሽያጩም በደረሰኝ ይመዝገብ።
• ደረቅ ቃጫ ሲበጠር አቧራ ስለሚያወጣ ሥራው በደጅ ወይም አየር በሚገባበት ክፍል ይከናወን። መርፌ ለመቅረጽ ቢላዋ የሚይዙት በአዋቂ ክትትል ብቻ ይሁን።

8. ከሥልጠና ወደ ገቢ፦ አገልግሎት ለማግኘት የሚኬድበት መንገድ

ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ወይም ያቋረጡ፣ ለሥራ የደረሱ ወጣቶች በሚከተለው ቅደም ተከተል አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ።

አንደኛ፣ የመታወቂያ ሰነድ ይዘው በሚኖሩበት ቀበሌ በኩል በሥራ ፈላጊነት ይመዝገቡ። ሲመዘገቡ የሚፈልጉትን የሥራ መስክ በግልጽ ያስመዝግቡ፤ «ማንኛውም ሥራ» ብሎ ከመመዝገብ «የእጅ ሥራ፣ የቃጫ ውጤቶች» ማለት ለምደባ ያመቻል።

ሁለተኛ፣ በወረዳው ወይም በከተማ አስተዳደሩ የሥራና ክህሎት ዘርፍ ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም በአቅራቢያ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአጫጭር ሥልጠና መርሐ ግብር ይጠይቁ። ሥልጠናዎች በሠልጣኝ ቁጥርና በፍላጎት ስለሚከፈቱ፣ በርከት ብለው በጽሑፍ ማመልከት ጥያቄው ትኩረት እንዲያገኝ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ከሥልጠና በኋላ በሙያው የብቃት ምዘና ካለ ይመዘኑ። በልምድ የተማሩ ሰዎችም ለምዘና ማመልከት ይችሉ እንደሆነ በኮሌጁ ወይም በምዘና ማዕከሉ ይጠይቁ።

አራተኛ፣ በግል ወይም በማኅበር ለመደራጀት ከወሰኑ የኢንተርፕራይዝ አደረጃጀት ምክር ይውሰዱ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ሲሆን፣ አገልግሎቱ በንግድ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል። በማኅበር ሲደራጁ የእያንዳንዱ አባል የሥራ ድርሻና የገቢ ክፍፍል በጽሑፍ ይስፈር። በቃል ብቻ የተስማሙ አባላት አለመግባባት ሲፈጠር መብታቸውን ለማስረዳት ይቸገራሉ።

አምስተኛ፣ ብድር ከመጠየቅ በፊት ገበያውን ይፈትሹ። ይህ ሥራ ያለ ብድር መጀመር የሚችል ነው። ጥቂት ዘንቢሎችን ሠርተው በዲላ፣ በወናጎ ወይም በይርጋ ጨፌ የገበያ ቀን ያቅርቡ፤ ገዢው ስለ መጠን፣ ስለ እጀታና ስለ ጥንካሬ የሚሰጠውን አስተያየት ይመዝግቡ። ዋጋ ሲተምኑ የቃጫውን ዋጋ፣ የፈጀውን ሰዓትና የትራንስፖርቱን ወጪ ይደምሩ። ቃጫው ከጓሮ ቢገኝም እናት ፍቃ፣ አጥባና አድርቃ ያስረከበችው ነውና ድካሟ በዋጋው ውስጥ ሊታሰብላት ይገባል።

9. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

የቃጫ መረብ ምን ያህል ጊዜ ያገለግላል? ዕድሜው የሚወሰነው በአያያዙ ነው። እርጥበት ላይ የሚጣል መረብ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ከተጠቀሙበት በኋላ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ የሚሰቀል ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

በቤቴ እንሰት የለም፤ ልሠራ እችላለሁን? አዎ። ቃጫ ከገበያ መግዛት፣ ሲሳልን መጠቀም ወይም ያረጀ ጆንያ ፈትቶ ክሩን መልሶ ማክረር ይቻላል። ለልምምድ ማንኛውም ሲባጎ ይበቃል።

ክህሎቱ ብቻውን ቤተሰብ ያስተዳድራልን? ለአብዛኞቹ ጀማሪዎች ደጋፊ ገቢ እንጂ ብቸኛ መተዳደሪያ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም ከቡና፣ ከእንሰት፣ ከንብ ማነብ ወይም ከሌላ ሥራ ጋር አጣምሮ መያዝ ይመከራል። የክህሎቱ ዋና ጥቅም ሌላው ገቢ በሚቋረጥበት ወር ባዶ እጅ አለማስቀረቱ ነው።

ቅሬታ ካለኝ ወዴት ልሂድ? በምዝገባ፣ በሥልጠና ምልመላ ወይም በአገልግሎት አሰጣጥ ቅር የተሰኘ ተገልጋይ በመጀመሪያ አገልግሎቱን ለሰጠው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ምላሽ ካላገኘ ቀጥሎ ላለው የበላይ መዋቅር ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል። ያቀረቡበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ በእጅዎ ያስቀሩ።

ለዝርዝር መረጃ በሚኖሩበት ቀበሌ፣ በወረዳው የሥራና ክህሎት ዘርፍ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያዎ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በሥራ ሰዓት በአካል በመቅረብ መጠየቅ ይችላሉ።